እናቴ ያረፈችው ጳጉሜ 6 ነው፤ ቀኑ ግን በየዓመቱ የለም። የቱን ልያዝ?

የደሴዋ፦

ሰላም ናችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን የ2017 ነሐሴ እየተገባደደ ነው፣ ሆዴ መባባት ጀምሯል፣ ከወንድሜም ጋር በስልክ ተጣልቻለሁ።

እናቴ ያረፈችው ደሴ ነው፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015። ስድስት ነው ያልኩት። ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀን ናት። አምና አልነበረችም፣ ዘንድሮም የለችም። ሌላው ሰው የእናቱ ቀን ሲደርስ ያለቅሳል፣ እኔ ካላንደር ይዤ እቆጥራለሁ።

እህቴ እዚያው ደሴ ናት። «ጳጉሜ 5 ነው፣ አለቀ፣ በግ ገዝተን ጎረቤት እንጠራለን» ትላለች። ወንድሜ «ሙት ዓመቷን አውጥተናል፣ ከእንግዲህ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በየዓመቱ ድግስ የሚባል ነገር የለም» ይላል። አክስቴ ደግሞ ለሩፋኤል ካልሆነ ብላ ድርቅ ብላለች። ጳጉሜ 3 ማለት ነው። እማዬ በሩፋኤል ዝናብ ሳትጠመቅ አንድም ዓመት አላለፋትም ትላለች። እውነቷን ነው፣ ሳፋ ደጅ ላይ ታስቀምጥ ነበር፣ እኛንም በብርድ ራቁታችንን ታስወጣን ነበር። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን የሞተችው በሩፋኤል አይደለም።

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በፈረንጁ ስቆጥረው ያ ቀን ሴፕቴምበር 11 ነበር። ሴፕቴምበር 11 ደግሞ ከአራት ዓመት በሦስቱ እንቁጣጣሽ ነው። ሰው አበባ ይዞ እንኳን አደረሰሽ ሲለኝ ጥቁር ለብሼ ልቀመጥ?

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። እማዬ ያረፈችው ሰኞ ነው። ማክሰኞ እንቁጣጣሽ ነበር። ማንም አልነገረኝም። ማክሰኞ ለእንኳን አደረሳችሁ ስደውል ወንድሜ አነሳና «ጸበል ሄዳለች፣ ስልኳን ትታ ነው» አለኝ። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «እንግዳ ነው፣ በዓል አይደል እንዴ» አለኝ። ለካ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራኝ።

እኔ ከሥራ ወጥቼ ዶሮ ሠራሁ። ጓደኞቼ መጡ። በላን፣ ጨፈርን። እኩለ ሌሊት ላይ ለእማዬ በቴሌግራም ረጅም የድምፅ መልእክት ላኩላት። ያኔ አማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር አንድ ራይት ሆኖ ቀረ። አልገረመኝም፣ ሲከፈት ትሰማዋለች አልኩ።

መርዶውን የሰማሁት እሁድ ነው፣ መስከረም 6። ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት ሰባት ሰው ነጠላ ለብሶ ቆሟል። አንዷ ማክሰኞ አብራኝ የጨፈረችው ጓደኛዬ ናት (ረቡዕ ነግረዋት አራት ቀን ሙሉ በሆዷ ይዛው ከርማለች)። እሁድ ጠዋት ሰባት ሰው ነጠላ ለብሶ በርሽ ላይ ሲቆም ምን ሆናችሁ ተብሎ አይጠየቅም። ገብቶኛል። ግን ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ? «ቡና ላፍላ?»

ስለዚህ ሦስት ቀን አለኝ። የሞተችበት፣ የጨፈርኩበት፣ የሰማሁበት። አንዱም የእኔ አልመስል አለኝ።

አንድ የሚያሳፍር ነገርም ልንገራችሁ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ጠዋት በእነሱ ሰዓት 8:46 ላይ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ኒውዮርክ ያለውን ሕንጻ በመታበት ደቂቃ፣ ሁሉም ሥራውን ያቆምና ሎቢው ውስጥ ዝም ብሎ ይቆማል። ባለፈው እኔም ቆምኩ። እንባዬ መጣ፣ አልቆም አለ። አብራኝ የምትሠራ ሴትዮ አቅፋ «ማንን አጥተሽ ነው?» አለችኝ። «እናቴን» አልኳት። ውሸት አይደለም እኮ! ግን እሷ የገባት ሌላ ነው። አሁን የሥራ ቦታው ሰው ሁሉ እናቴ እዚያ ሕንጻ ውስጥ የሞተች መስሎታል። በማግስቱ ካርድና አበባ አስቀመጡልኝ። እስከ ዛሬ አላረምኩትም። ከየት ልጀምር?

እና እባካችሁ፣ የቱ ነው ቀኔ? የወንድሜም ነገር አለ። ስለ ቀኑ ስንከራከር የቆየው ነገር ወጣና «አንተ ነህ ቀኗን የሰረቅከኝ» አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ።


ባሕረ_ሐሳብ፦

ነፍስ ይማር እህቴ። ሌላውን ሌሎች ይመልሱልሽ፣ እኔ በቁጥሩ በኩል ልግባ፣ አመሌ ነው።

2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ ነው። ዘንድሮ ማቴዎስ ነው፣ ቀጥሎ ማርቆስ፣ ከዚያ ሉቃስ። ስለዚህ የእናትሽ ቀን ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ይመጣል፣ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027፣ ቅዳሜ ይውላል። ራስሽ ማስላት ከፈለግሽ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪና ለ4 አካፍይ፣ ቀሪው 3 ከሆነ ሉቃስ ነው። ወንድምሽ የሚጠብቀው ሰባት ዓመት ደግሞ 2022 ላይ ነው። በዚያም ዓመት ስድስት የለችም፣ ይህንን ንገሪው።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ግን ያን ያህል አትጨነቂ። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ዓመት። እነዚህ የሚቆጠሩት ካረፈችበት ቀን ነው፣ ጳጉሜም ትቆጠራለች፣ ትርፍ ቀን አይደለችም። አርባዋ ጥቅምት 9፣ ሰማንያዋ ኅዳር 19 ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የመታሰቢያ ነገር ነው። ቅዳሴ ላይ ስለ ሙታን ይጸለያል፣ የክርስትና ስሟን ለአጥቢያሽ ካህን ስጪ፣ ጳጉሜም ይሁን ሰኔ ያስባታል።

ቀን ማጣት ደግሞ በእናትሽ አልተጀመረም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። ታዲያ በዚያ ሳምንት የሚሞተው ሰው ምን ይሁን? በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይፈታለታል። ሰውየው ገና ቆሞ ዘንባባውን ጣቱ ላይ አስሮ ይሰማል፣ ፍትሐቱ ግን የእሱ ሊሆን ይችላል። እኔ ሆሳዕና በመጣ ቁጥር ይሄን እያሰብኩ ነው የምቆመው።


የእድር ፀሐፊ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ የእድር ፀሐፊ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ስንት ድንኳን እንደተከልን ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ እህትሽ በግ እንዳትገዛ። ጳጉሜ 5 ዘንድሮ ረቡዕ ነው። ጳጉሜን በፈቃዳቸው የሚጾሙም ብዙ ናቸው፣ ጾመ ዮዲት ይባላል። በግ አርዳ ማንን ልታበላ ነው?

ሁለተኛ፣ ወንድምሽ ስስታም እንዳይመስልሽ። አንቺ ከአሜሪካ ሆነሽ ጳጉሜ አይታይሽም። እዚህ የነሐሴ ደሞዝ ሠላሳ አምስት ቀን ነው የሚጎተተው። በዚያ ላይ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተር፣ የበዓል ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት። ጎረቤትን በበዓል ዋዜማ ተዝካር ስትጠሪው ባዶ እጁን አይመጣም፣ ካልመጣ ያፍራል፣ ከመጣ ይጎዳል። ይሄን ሰው አይናገረውም፣ እኔ መዝገብ የምይዝ ሰው ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ወርሃዊ መዋጮ በብዛት የሚዘገየው መቼ እንደሆነ ብትጠይቂኝ መስከረም ነው።

የማውቃቸው አንድ ቤተሰብ ነበሩ። ለአባታቸው አርባ ትልቅ ድንኳን ተክለው፣ በሬ ጥለው፣ ተበድረው ደገሱ። ሰው በልቶ ሲወጣ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ዕዳውን ሲከፍሉ ሙት ዓመቱ ደረሰ።

እህትሽ ዳቦ ትድፋ፣ ጠላ ትጥመቅ፣ ጥቂት ቆሎ ትቁላ። ጠዋት ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፣ ደጀ ሰላም ላይ ለተቀመጡት ታብላ። ከፈለገች ለአምስት ስድስት የእናትሽ እኩዮች ሽሮ ትሥራ። አሮጊቶቹን አትርሺ፣ ስለ እናትሽ አንቺ የማታውቂውን የሚያውቁ እነሱ ናቸው፣ እነሱም እያለቁ ነው።


ቀጥታ፦

እኔ ከሌሎቹ አልስማማም። ወንድምሽ አጥፍቷል። ውጭ ያለን ሰዎች እንደ ሕፃን ነው የምንታየው። ብር ላኩ ሲሆን አዋቂ ነን፣ ሞት ሲሆን ልጅ ነን። እናቴ ሞታ እኔ ስጨፍር ማደር? ይቅርታ፣ እኔ አንድ ዓመት አላነጋግረውም ነበር።

ግን ደግሞ ልንገርሽ፣ ከዚያ የባሰም አለ። እኔ የአባቴን ሞት ያየሁት ፌስቡክ ላይ ነው። ፍራንክፈርት፣ ባቡር ውስጥ ቆሜ፣ ከሥራ ስመለስ። የአጎቴ ልጅ ፎቶውን ለጥፎ «ነፍስህን በገነት ያኑርልን» ብሎ ጽፎበታል፣ ከሥር ሰባ ሰው አስተያየት ሰጥቷል። ሰባ ሰው ከእኔ በፊት አውቋል። ሽማግሌዎች ቤቴ ሊመጡ የተቀጣጠሩት ለቅዳሜ ነበር፣ ነገሩ ሐሙስ ላይ ወጣ። መውረጃዬን አልፌ የመጨረሻው ጣቢያ ድረስ ሄድኩ። ፅዳት ሠራተኛው ነው ያስወረደኝ።

ሰባት ሰው በርሽ ላይ መቆሙ ራሱ እድል ነው። ብቻ ወንድምሽ አጥፍቷል።

ደግሞ ለሥራ ቦታሽ ሰዎች ንገሪያቸው። ዛሬ ነገ ስትይ አንድ ቀን የእናትሽን ስም ዝርዝሩ ላይ ይፈልጉታል።


ካሳንቺስ_ነበርኩ፦

ቀጥታ፣ ተው እስቲ። እህቴ፣ አንቺንም ወንድምሽንም አላውቃችሁም፣ ግን እሱ የሠራውን ሠርቻለሁ።

እህቴ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አባታችን ግንቦት ላይ ሞተ። ስልክ የሚፈቀድላት አርብ አርብ ለአንድ ሰዓት ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሀበሻ የለም። ማን ሄዶ ያርዳት? መርዶ እኮ ወሬ አይደለም። የሚይዛት፣ ውሃ የሚያጠጣት፣ አብሯት የሚያለቅስ ሰው ይፈልጋል። ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ሆና ስታለቅስ ማዳሟ ምን ልትላት ነው? ዝም አልን። አራት ወር።

አርብ ከሰዓት ሲደርስ ቤቱ ይሸበር ነበር። እናቴ ፊቷን ትታጠባለች፣ ድምፅዋን እየጠራረገች ትለማመዳለች። «አባባስ?» ትላለች እህቴ። «ተኝቷል።» በሚቀጥለው አርብም «ተኝቷል።» አንድ ቀን «ሰው እንዴት ሁሌ አርብ አርብ ይተኛል?» አለች። እናቴ ስልኩን እኔ ላይ ወርውራ ወጣች። እኔ ደግሞ «መድኃኒቱ ነው የሚያስተኛው፣ እየተሻለው ነው» አልኩ። እየተሻለው ነው! አሁን ስጽፈው ሳቄ መጣ፣ ያኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት።

መስከረም ላይ ኮንትራቷን ጨርሳ መጣች። ቦሌ ልንቀበላት ስንወጣ እናቴ ጥቁሯን አውልቃ ባለ አበባ ቀሚስ ለበሰች። ቀሚሱ ሰፍቷት ነበር፣ ይሄ ከዓይኔ አይጠፋም። እህቴ ሻንጣዋን እየገፋች ወጣች፣ ሁላችንንም ሳመች፣ ዞር ዞር ብላ አየችና «አባባ መኪና ውስጥ ነው?» አለች። ጃኬት ገዝታለት ነበር፣ በእጇ ይዛዋለች፣ ሻንጣ ውስጥ እንኳ አላስገባችውም።

እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይቅር አላለችኝም። አልፈርድባትም። ግን ነገ ያው ነገር ቢመጣ ያንኑ ነው የማደርገው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ወንድምሽ ያን ቀን ድንኳን ውስጥ ሆኖ «ጸበል ሄዳለች» ብሎሽ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ምን እንዳደረገ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?


የገራዶ ልጅ፦

የአገሬ ልጅ፣ ነፍስ ይማር። እኔም ደሴ ነኝ።

የእኛን ብታዪ ደግሞ ትስቂ ነበር። አባቴ የሞተው ረመዳን 17 ነው፣ ሐምሌ 2005። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር፣ ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች እየተንሸራተቱ ነው የቀበርነው። በሂጅራ ስትቆጥሪ ቀኑ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን አካባቢ ቀድሞ ይመጣል። ዘንድሮ ረመዳን 17 የዋለው መጋቢት ላይ ነው፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ፣ አቧራ። ልጄ «አያቴ በጭቃ ነው የተቀበረው ትሉኛላችሁ፣ የታለ ጭቃው?» አለኝ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጥር ላይ፣ ከዚያም ታኅሣሥ ላይ ይሆናል። አባቴ ዓመቱን ሙሉ እየዞረን ነው።

በእኛ ሃይማኖት ቀን ጠብቁ የሚል ግዴታ የለም። ዱዓ ሁልጊዜ ነው፣ ሰደቃም ሁልጊዜ ነው። እናቴ ግን ትጠብቃለች፣ ቡናዋን አፍልታ፣ ቂጣዋን ጋግራ። የክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች ከእኛ በፊት ነው የሚመጡት።

ስለ በጉ ደግሞ የተጻፈውን አይቼ ልጨምር። ደሴ ተዝካር ሲደገስ ለእኛ ለብቻ ይታረዳል፣ የምንቀመጠውም ለብቻ ነው፣ ታውቂዋለሽ። በረቡዕ ወይም በጾም የዋለ ተዝካር ግን ለእኔ ከሁሉ ይሻለኛል። ሽሮና ምስር ስለሆነ ሁላችንም አንድ ማዕድ ላይ እንቀርባለን። ልጅ ሆኜ የጾም ተዝካር ሲሆን ነበር ደስ የሚለኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ትሪ ላይ እንድንበላ።

እናትሽ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከነበሩት ከሆነ ምናልባት እናቴ ታውቃቸዋለች። ሽሮ ከተሠራ ንገሪኝ፣ ትሄዳለች።


ከነታንያ፦

ሰላም ለሁላችሁም ከእስራኤል። ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ፣ አይቻት ባላውቅም።

እኛ ቤተ እስራኤሎችም ተዝካር ነው የምንለው። እዚህ ሲሉት አዝካራ ነው፣ ያው ዘከረ ከሚለው ነው። የዚህ አገር ሰውም በቀን ይጨቃጨቃል። በዕብራውያኑ አቆጣጠር አንዳንድ ዓመት አዳር የሚባለው ወር ሁለት ጊዜ ይመጣል። በአዳር የሞተ ሰው ቤተሰብ በመጀመሪያው ነው ወይስ በሁለተኛው እያለ ረቢ ዘንድ ይመላለሳል። ብቻሽን አይደለሽም ለማለት ነው።

አያቴ ግን ቀን የሚባል የላትም። ከጎንደር በእግር ተነስተው፣ ሌሊት ሌሊት እየሄዱ፣ ሱዳን ኡም ራኩባ ካምፕ ደርሳ እዚያ ሞተች፣ በ1976። ማን ይጽፈዋል? በዚያን ጊዜ በየቀኑ ነበር የሚቀበረው። እናቴ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ የምታስታውሰው «ሰማዩ የጠቆረ ቀን ነበር፣ ግን አልዘነበም» የሚለውን ብቻ ነው። በዚያ መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚሆን ሰው አልቋል። መታሰቢያቸው እዚህ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ኢያር 28፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ይደረጋል። ቄሶቻችን ይጸልያሉ፣ ባለሥልጣናት ንግግር ያደርጋሉ (ንግግሩ ይረዝማል)። እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ በየዓመቱ ትሄዳለች።

አንዴ «ግን እኮ ይሄ የእሷ ቀን አይደለም» አልኳት። «እማ ብቻዋን መብላት አትወድም ነበር፣ ከሰው ጋር ትሁን» አለችኝ።


የደሴዋ፦

አራት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሁሉንም አነበብኩ፣ አንዳንዱን ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ።

የእድር ፀሐፊው፣ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ረቡዕ መሆኑን ስነግራት «ውይ!» ብላ ዝም አለች። በጉ ቀርቷል። ጠዋት ዳቦና ጠላ ይዛ ደጀ ሰላም፣ ከሰዓት ሽሮ ለእማዬ ባልንጀሮች። የገራዶ ልጅ፣ አዎ ቧንቧ ውሃ ነው፣ እናትህ ይምጡልን፣ አድራሻውን በውስጥ እልክልሃለሁ። አክስቴ በሩፋኤል ሳፋዋን ታውጣ ተባብለናል፣ ማንም አይከለክላትም። የሥራ ቦታዬን ነገር ገና አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ነው። ሳልነግራቸው ያ ቀን ደርሶ ካርድ ከሰጡኝ ግን ምን እንደምሆን እንጃ።

ካሳንቺስ፣ አንተ የጠየቅከኝን ይዤ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ስለ ቀን አላወራንም። ያን ዕለት ስልኩን ዘግቶ ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት። «ምን አደርጋለሁ፣ ሰው ቆጠርኩ፣ ወንበር ጎድሎ ነበር» አለኝ። እሱ እንደዚህ ነው።

ከዚያ ሌላም ጠየቅኩት፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው ይህን ሳልጠይቀው። ያ የቴሌግራም መልእክት ታኅሣሥ 2016 ላይ ሁለት ራይት ሆኗል። ሥራ ላይ ነበርኩ። አየሁት፣ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፣ አንዲት አሮጊት ሾርባዋን እያበላኋት ነበር፣ ማብላቴን ቀጠልኩ። ማን ከፈተው ብዬ አልጠየቅኩም። ፈርቼ መሰለኝ።

እሱ ነው። ሰማንያዋ ካለፈ በኋላ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ ስልኳን ይዞት ሄደ። ለምን እንደያዘው ጠይቄው «ቻርጁ እንዳያልቅ» አለኝ። ሆቴል ገብቶ ዋይፋይ ሲያገኝ ስልኩ ጃኬቱ ውስጥ ጮኸ። «የደወለች መሰለኝ» አለኝ። ሌሊቱን ሳይከፍተው አደረ። ጠዋት ሰማው።

«ምን ይላል?» አልኩት፣ ራሴው የላኩትን። ረስቼዋለሁ እኮ። መልሼ ሰምቼው አላውቅም።

«ሦስት ደቂቃ ነው። አንዱ ደቂቃ ስለ ዶሮሽ ነው፣ ሽንኩርቱ አልበስል አለኝ ትያታለሽ። ከኋላሽ ሰዎቹ ይጮኻሉ። ከዚያ ደግሞ በርበሬ አልቆብኛል፣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ ትያታለሽ።»

ዝም ተባባልን። ከዚያ «ልኬልሻለሁ እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጥር ላይ አምስት ኪሎ በርበሬ በሰው እጅ ደርሶኝ ነበር። እስካሁን እህቴ የላከችው መስሎኝ።